ፍየል ለማየት አውቶቡስ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንበር ለደረደራችሁ፣ ቡና ለምታፈሉልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአማርኛ ትምህርቱ ዘንድሮም አልተቋረጠም። እድሩም አለ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነቡላችኋል። እኔ ወደ ፍየሏ ልሂድ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ አልሳቅሁም።

ልጆቹንና አያቶቻቸውን ዋሽንግተን ወዳለው ብሔራዊ መካነ እንስሳት፣ እዚያም ወደ ልጆች እርሻው፣ እንውሰድ ብለን ነበር። መግቢያው ነጻ ነው። የጎደለን የአውቶቡስ ኪራይ ብቻ ነው። መዋጮ ስንጠይቅ «ፍየል ስንጠብቅ አድገን፣ አሁን ፍየል ለማየት እንክፈል?» ተባልን። «ፓንዳ ከሆነ እሺ» ያለም አለ። ፓንዳ ጠልቼ አይደለም። ግን ፓንዳን ማን ይዳብሰዋል?

ባለፈው ጥቂቶቻችን በየመኪናችን ሄድን። አንዲት እናታችን አብረውን ነበሩ። እዚህ አገር ለስልኩም ለቀጠሮውም የልጅ ልጃቸው እስኪያስተረጉምላቸው የሚጠብቁ ናቸው። ፍየሎቹ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው «ይቺ ሁለት ጥርስ ቀይራለች፤ ዓመት አልፏታል» አሉ። ልጆቹ ከበቧቸው። «እንዴት አወቅሽ?» «የታች ጥርሷን አይቼ ነዋ! ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላትም።» ልጆቹ ጎንበስ ብለው አዩ። እውነትም የላትም። ያን ቀን አስተርጓሚዋ እሳቸው ነበሩ።

ስለ ጀርም የጠየቃችሁ እናቶች ልክ ናችሁ። ኢ. ኮላይ የሚባለው፣ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ጤነኛ ከሚመስል እንስሳም ይተላለፋል። ስለዚህ ሲወጡ በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው፤ ሳኒታይዘር ብቻውን አይበቃም። ቆሎውም ከዚያ በኋላ ይውጣ።

ያ እርሻ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ነበር። አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አተረፈው። እኛ አንድ አውቶቡስ አቃተን!

ቴሌግራም ላይ «ፍየል ለማየት?» ብላችሁ የጻፋችሁ ወንድሞቼ ዛሬም አልመጣችሁም። ቪዲዮው ይደርሳችኋል፣ ስለዚህ ልንገራችሁ፦ እናንተ ፍየል ጠብቃችኋል። ልጆቻችሁ ግን ዶሮን የሚያውቁት በወጥ ነው።

መዝገቡ ቡናው አጠገብ ነው። እናታችንም ተመዝግበዋል። ዘንድሮ አህያዎቹን በደንብ አያለሁ ብለዋል።