«ካጠፋሁት አይነሳም»፦ ስለ እርሻ ሥራ አደጋ የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ። ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

እርሻ ከማዕድን ቁፋሮና ከግንባታ ጋር በዓለም ላይ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ሦስት የሥራ ዘርፎች አንዱ ነው። ይህን የሚለው የዓለም የሥራ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለእርሻ ሥራ ደህንነትና ጤንነት ብቻ የሚሆን ስምምነት አውጥቷል፤ ቁጥሩ 184 ነው። የማዕድን ሠራተኛ ቆብ ሳያደርግ ጉድጓድ አይገባም። እኛ ግን ጠዋት የምንወጣው ወደ ጓሯችን ነው። ጓሮውን ማን ይፈራል?

አደጋ በተነሳ ቁጥር የምሰማው «ሰው ግዴለሽ ነው» የሚለውን ነው። አልስማማም። ሰው አደጋውን በደንብ ያውቀዋል። ግን ጥንቃቄውን የሚያስተወው አንድ ትንሽ እንቅፋት ከፊቱ አለ። ያ እንቅፋት ካልተነሳ ምክር ዋጋ የለውም። «ደህንነት ይቅደም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈማ ማን ዳነ!

ከትራክተሩ ልጀምር። ከኋላው ለመውቂያው ወይም ለፓምፑ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ታውቁታላችሁ። የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር ነው። በሰከንድ 9 ዙር ማለት ነው። አሁን እጅጌያችሁን ተመልከቱ። ጫፉ ላይ የተተረተረ ክር አለ? እሱ ይበቃል። ክሩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ እጅጌው ይከተላል፣ ቀጥሎ ክንድ ነው። ደንግጣችሁ «ኧረ» እስክትሉ ዘንጉ ስንት ጊዜ ዞሯል። ሻርፕ፣ ረጅም ጸጉር፣ የጃኬት ገመድ፣ ሁሉም ያው ነው።

መፍትሔው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ኪስ ያልኩት ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያስነሳው ነው። ታዲያ ለምን አናጠፋም? ሾፌሩን ጠይቁት፤ «ባትሪው ደክሟል፣ ካጠፋሁት አይነሳም» ይላችኋል። አያችሁ? ሰውየው ግዴለሽ አይደለም። ቢያጠፋው ሰው ጠርቶ ሊያስገፋ ነው፣ ቀኑ ሊባክንበት ነው። ስለዚህ ማሽኑን ያነቀውን ጭድ ሞተሩ እየሠራ በእጁ ይጎትታል። የደከመ ባትሪ ክንድ ያስቆርጣል ብል አላጋነንኩም። ባለ ትራክተሮች፣ ባትሪና ሞተሪኖ የጥገና ወጪ ብቻ አድርጋችሁ አትቁጠሩ። የዘንጉ ሽፋንም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ግሪስ ለመቀባት ይፈታል፣ ማሰሪያ ሰንሰለቱ ይጠፋል፣ ሽፋኑ ጥግ ላይ ተጥሎ ይከርማል።

ትራክተር ወደ ኋላ ለመገልበጥ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። «ዘልዬ እወርዳለሁ» የሚባለው ወሬ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ከመገልበጥ የሚከላከል ብረት እንዲኖረው ደነገገች፤ በዚህ አደጋ የሚሞተው ሰውም በእጅጉ ቀነሰ። ብረቱ ካለ ቀበቶ እሰሩ። ብረቱ ከሌለ ግን ቀበቶ ማሰር አይገባም፤ ሲገለበጥ ከሥሩ ያስቀራችኋል። ጭነት ስትጎትቱ ሰንሰለቱ የሚታሰረው ዝቅ ካለው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው። ከፍ ካደረጋችሁት የፊት ጎማው ይነሳል። ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ ልጅ አይቀመጥም። እናትም አባትም ማሳ ላይ ሲሆኑ ልጁን ማን ይያዘው? እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከጎረቤት ጋር ተራ ካልያዛችሁ ልጁ ትራክተሩ ላይ መገኘቱ አይቀርም።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ፀረ ተባይና ፀረ አረም በለስላሳ ጠርሙስ የሚቀዳው ለምንድን ነው? ትልቁን ጀሪካን ለሁለት ለሦስት ስለምንካፈለው ነው። ጠርሙሱ ቤት ይገባል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ የጠማው ልጅ ያነሳዋል። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረም ማርከሻ የለውም፤ አንድ ጉንጭ ሰው ይገድላል። ከመካፈል ትንሹን እሽግ ግዙ፣ ወይም አብራችሁ ረጭታችሁ ጨርሱት።

ርጭት ላይ ጓንትና ጭንብል የምናወልቀው ስለሚሞቀን ነው። እውነት ነው፣ ይሞቃል። እንግዲያው ማለዳ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል ርጩ። የመርጫው አፍ ሲደፈን በአፍ መንፋት የለም፤ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። መርዙ በቆዳም ይገባል። ሲረጭ የዋለ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ ምራቁ ከበዛ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ጉንፋን አይደለም። ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፣ በግድ አታስታውኩት፣ የእሽጉን ጽሑፍ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። እህል ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚከተቱት የፎስፊን ክኒኖችም እርጥበት ሲያገኙ ገዳይ ጋዝ ያወጣሉ። ሰው በሚተኛበት ክፍል እንዲህ የታከመ እህል አይቀመጥም።

አንድ ቦታ ላይ ግን እንቅፋቱ ባትሪም ጠርሙስም አይደለም። ፍቅር ነው። የእበት ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ይወድቃል። ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል። ከዚያ አባት። አንድ ቤተሰብ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቀው እንደዚህ ነው። የሚገድላቸው ከእበቱ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ሲያንስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ማሽተቻችንን ራሱን ያደነዝዘዋል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ወንድም እያየ ቆመህ ጠብቅ ማለት ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ለዚህ ነው ነገሩን ዛሬ፣ ቀልባችን ሳይበተን መነጋገር ያለብን፦ የራሱ አየር ያለው የመተንፈሻ መሣሪያ የሌለው ማንም አይገባም። ተራ ጭንብል አይጠቅምም። ጩኹ፣ እሳት አደጋ ጥሩ፣ ከውጭ አየር የሚነፋ ነገር ካለ አስነሱ። ትልልቅ የእህል ጎተራም ያው ነው። እህሉ ከሥር እየፈሰሰ ላዩ ላይ የቆመ ሰው በሰከንዶች ይሰምጣል። መጀመሪያ ማፍሰሻውን ዝጉ።

ስለ ከብት ብዙ አልልም፤ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አዲስ የወለደች ላም ግን ዓመሏ አይታመንም፤ ጥጃዋን ስትነኩ መውጫችሁን አስቀድማችሁ እዩ። ማጭድ የቆረጠውን ጣትም በጨርቅ ጠቅልሎ መቀጠል ልማድ ሆኗል። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ክትባቱን ያልጨረሳችሁ ጨርሱ።

ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥተን የተሰበረ የዘንግ ሽፋን እንዴት እንደሚቀየር አብረን እናያለን። ሻርፕ ያደረጋችሁ እዚሁ ወንበሩ ላይ ተዉት።