መጻሕፍቱን ማን መረጣቸው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከሀዋሳ

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ የጥያቄና መልስ ሰዓታችን ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ርዕሱ የአይሁድና የክርስትና ቅዱሳት መጻሕፍት እንዴት ተለዩ የሚል ነበር። ሀዋሳ ደግሞ ይህ ርዕስ የሚያገባት ከተማ ናት። 66 መጻሕፍት የሚያነበው ፕሮቴስታንትም፣ 73 የሚያነበው ካቶሊክም፣ 81 የሚያነበው ኦርቶዶክስም በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ቡና ላይ ሲገናኝ ይከራከራል። የደረሱንን ጥያቄዎች በአየር ላይ ከነበረው ትንሽ ሰፋ አድርጌ እዚህ አስፍሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፒያሳ የደወለ ወጣት፦ «ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገባውን የወሰኑት ቆስጠንጢኖስና የኒቅያ ጉባኤ ናቸው ይላል። መጻሕፍቱን ጠረጴዛ አጠገብ ከምረው ጸለዩ፣ እውነተኞቹ ከላይ ተገኙ፣ ሐሰተኞቹ ከሥር ቀሩ ይላል። እውነት ነው?»

አይደለም፣ ወንድሜ። በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት፣ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች በዋናነት የመጡት የአርዮስን ትምህርት ለመመርመር ነው። ፋሲካ መቼ ይከበር የሚለውንም ተነጋግረዋል። 20 ቀኖናዎች፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ደንቦች አውጥተዋል። ከ20ዎቹ በአንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር የለም። የጠረጴዛው ታሪክ የሚገኘው ከጉባኤው 500 ዓመት ያህል ቆይቶ በተጻፈ የግሪክ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ከዚያ አውሮፓ ውስጥ ተዛመተ፣ ዛሬ ደግሞ በየስልካችን ገባ።

ታዲያ እንዴት ሆነ? መጀመሪያ ንባቡ ነበር፣ ዝርዝሩ ኋላ መጣ። ሕዝብ ሲመላለስበት የኖረ የእግር መንገድ ውሎ አድሮ ካርታ ላይ ይሰፍር የለ? እንደዚያ ነው። ምእመናን አንድን መልእክት በጉባኤ ያነቡታል፣ ይገለብጡታል፣ ለሌላ ከተማ ይልኩታል። ሌላው ከተማም ያነበዋል። የትኛው ይገባል የሚለው ጥያቄ የሚጠነክረው ችግር ሲመጣ ነው።

ችግሩም መጣ። በ144 አካባቢ ማርቂዮን የሚባል ሰው ሮም ላይ ብሉይ ኪዳንን ጨርሶ ጣለ። የተቆራረጠ የሉቃስ ወንጌልና 10 የጳውሎስ መልእክቶችን ብቻ አስቀረ። በ180 አካባቢ ሄሬኔዎስ የሚባለው አባት ወንጌል አራት ነው፣ ከዚያ አይበዛም አያንስም ብሎ ጻፈ። ልብ በል፣ ይህ ከኒቅያ 145 ዓመት ያህል ይቀድማል።

በ200 ገደማ ደግሞ የአንጾኪያው ጳጳስ ሰራፕዮን አንድ ነገር ገጠመው። ሮሶስ በምትባል ከተማ «የጴጥሮስ ወንጌል» የሚባል መጽሐፍ ይነበብ ነበር። ጳጳሱ በቅጡ ሳያየው ይነበብ ብሎ ፈቀደ። በኋላ መጽሐፉን አግኝቶ ሲመረምረው አብዛኛው ደህና ነው። ግን ከተቀበሉት ትምህርት ጋር የማይገጥም ነገር ተጨምሮበታል። ፈቃዱን አነሳ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ የሥራውን አካሄድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሐዋርያ ስም ሽፋኑ ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም ነበር። ከሐዋርያት የመጣ ነው? ከተቀበልነው እምነት ጋር ይስማማል? በየቦታው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ያነቡታል? ሦስቱም ይጠየቃል።

በኒቅያ ዘመን የነበረው ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ መጻሕፍቱን ሁሉም የተቀበሏቸውና ክርክር ያለባቸው ብሎ ይከፍላል። ክርክር ካለባቸው መካከል የያዕቆብና የይሁዳ መልእክት፣ 2ኛ ጴጥሮስ፣ 2ኛና 3ኛ ዮሐንስ ነበሩ። ዛሬ የምናውቃቸውን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ የዘረዘረ፣ እስከ ዛሬም የደረሰን የመጀመሪያው ጽሑፍ የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 የላከው የፋሲካ መልእክት ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በሰሜን አፍሪካ በ393 ሂጶ፣ በ397 ካርቴጅ ላይ የተደረጉ ጉባኤዎች ይህንኑ አጸኑ። ቢሆንም በሁሉም ቦታ እኩል አልሄደም። የሶርያውያን ጥንታዊ ትርጉም ለረጅም ጊዜ 22 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ነበረው። የዮሐንስ ራእይም አልነበረበትም።

ከታቦር ክፍለ ከተማ አንድ የታሪክ መምህር፦ «አይሁድ በ90 አካባቢ ያምንያ በምትባል የይሁዳ ከተማ ላይ ጉባኤ አድርገው ቀኖናቸውን፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝራቸውን ዘጉ ተብለን ተምረናል። እኔም አስተምሬዋለሁ። አሁንም ልክ ነው?»

መምህር፣ ይህን ብዙ መጽሐፍ ጽፎታል፤ እርስዎ ያገኙትም ከዚያ ነው። ሐሳቡን በ1871 ያቀረበው ሃይንሪክ ግሬትስ የሚባል አይሁዳዊ የታሪክ ሊቅ ነበር። ለመቶ ዓመት ያህል እንደ እውነት ተወሰደ። በ1960ዎቹ ምሁራን ማስረጃውን መልሰው ሲያዩት የተገኘው በጣም ትንሽ ነው። ኢየሩሳሌም በ70 ከፈረሰች በኋላ ያምንያ ላይ ረቢዎች ተሰብስበው ይማሩና ይከራከሩ ነበር። ስለ መክብብና ስለ መኃልየ መኃልይ ቅድስና ተነጋግረዋል። ግን ሁሉን መጽሐፍ አንድ በአንድ አንስቶ ድምፅ የሰጠ ጉባኤ አልነበረም። ክርክሩም ከዚያ በኋላ ቀጥሏል። ረቢ አቂባ መጻሕፍት ሁሉ ቅዱሳን ናቸው፣ መኃልየ መኃልይ ግን ቅድስተ ቅዱሳን ነው እስከ ማለት የደረሰው ክርክሩ ስላላለቀ ነው።

ይልቅ ደረጃ በደረጃ ነው የሆነው። ኦሪት ቀደመች። ነቢያት ተከተሉ። የሲራክን መጽሐፍ ወደ ግሪክ የተረጎመው የልጅ ልጁ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ132 አካባቢ ግብፅ ከገባ በኋላ መግቢያ ጽፎለታል። እዚያ ላይ ሕጉን፣ ነቢያትንና «ሌሎቹን መጻሕፍት» ይጠቅሳል። ሁለቱ ስም አላቸው፣ ሦስተኛው ክፍል ገና ቁርጥ ያለ ስም የለውም። በሉቃስ 24፥44 ላይም ጌታ የሙሴ ሕግ፣ ነቢያትና መዝሙራት ይላል።

ወደ መጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ ስንመጣ ቁጥር ብቅ ይላል። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ 22 መጻሕፍት አሉን ይላል። በዚያው ሰሞን የተጻፈው፣ በእኛ አገር ዕዝራ ሱቱኤል የምንለው መጽሐፍ ደግሞ ዕዝራ 94 መጻሕፍት እንዳስጻፈ ይተርካል። 24ቱ ለሁሉም ይነበቡ፣ 70ዎቹ ለጥበበኞች ይቀመጡ ተባለ ይላል። አይሁድ ዛሬም 24 ነው የሚቆጥሩት። ቁጥሩ ሲያንስ ሰው ግራ ይገባዋል እንጂ ይዘቱ ከፕሮቴስታንቱ 39 የብሉይ መጻሕፍት ጋር አንድ ነው። 12ቱን ደቂቀ ነቢያት እንደ አንድ፣ ሁለቱን ሳሙኤል እንደ አንድ እያደረጉ ስለሚቆጥሩ ነው።

ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የተገኙት ጥቅልሎች ሥዕሉን የበለጠ አሰፉት። ከዕብራይስጡ ቀኖና ከአስቴር በቀር የሁሉም ቁራጭ ተገኝቷል። ከእነሱ ጋር ግን ጦቢት፣ ኩፋሌና ሄኖክም ተገኙ፤ ኩፋሌና ሄኖክማ በብዙ ቅጂ። ለተማሪዎችዎ ይህን ይንገሩልኝ። በጌታ ዘመን የነበረ አንድ አይሁዳዊ ሁሉን በአንድ ጥራዝ የያዘ መጽሐፍ አልነበረውም። የነበረው ጥቅልል ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው።

ሁለት ጥሪዎች በተከታታይ፦ ከመናኸሪያ አካባቢ አንድ አባት «ፕሮቴስታንቶች መጻሕፍቱን ለምን ቀነሱ?» አሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከአቶቴ አንዲት እህት «ኦርቶዶክሶች ለምን ጨመሩ?» አለች።

ሁለታችሁንም አብሬ ልመልስ፣ ምክንያቱም መነሻው አንድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእስክንድርያ አይሁድ መጻሕፍታቸውን ወደ ግሪክ መለሱ። ይህ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የምንለው ነው። የጥንት ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ያነበቡት እሱን ነው። የግሪክ ጥራዞቹ ጥበብን፣ ሲራክን፣ ጦቢትንና ዮዲትንም ይዘው ነበር። የእኛ የግዕዝ ብሉይም የተተረጎመው ከግሪኩ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጄሮም ብሉይን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ሲተረጉም፣ በዕብራይስጡ የሌሉት ሁለተኛ ደረጃ ይሁኑ አለ። አውግስጢኖስ አልተስማማም፣ ቤተ ክርስቲያን ስታነባቸው ኖራለች አለ። ሁለቱም ቅዱሳን፣ ሁለቱም ሊቃውንት። ይህ ልዩነት ሳይዘጋ ሺህ ዓመት ቆየ።

ማርቲን ሉተር የጄሮምን መንገድ ያዘ። ሆኖም አልጣላቸውም። በ1534 ባሳተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በብሉይና በሐዲስ መካከል አስቀመጣቸው። ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል ባይሆኑም ጠቃሚና ለንባብ መልካም ናቸው ብሎ ጻፈባቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1546 በትሬንት ጉባኤ እኩል ቅዱሳን ናቸው ስትል ዛሬ 73 የምንለው ዝርዝር ጸና። የ1611ዱ የእንግሊዞች ትርጉምም ሲወጣ ይዟቸው ነበር። ከፕሮቴስታንት ጥራዞች በብዛት የጠፉት የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1826 እነዚህን ለያዘ እትም ገንዘብ አልሰጥም ካለ በኋላ ነው። አቡ ሩሚ የተረጎመውን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 በሙሉ ያሳተመው ያው ማኅበር ነው።

ስለዚህ አባቴ፣ የአቶቴዋ እህታችን ቤተ ክርስቲያን ከኦርቶዶክሱ ላይ ቀዳ አልጣለችም። አንቺም እህቴ፣ የእሳቸው አባቶች ከ66ቱ ላይ አልጨመሩም። ሁለቱ ዝርዝሮች የመጡት በሁለት የቆዩ መንገዶች ነው። አንዱ በግሪኩ፣ አንዱ በዕብራይስጡ። ይህን ሳያውቁ «ሰራዥ» እና «ጨማሪ» መባባሉ በጣም ያሳዝነኛል።

ገብርኤል አካባቢ ያለ ዲያቆን፦ «መጽሐፈ ሄኖክን እኛ ተቀብለን ሌላው ለምን ተወው?»

ዲያቆን፣ መጀመሪያ ሁሉም አልተወውም። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ይጠቅሳል። የሰሜን አፍሪካው ጥንታዊ ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ ለመጽሐፉ ጥብቅና ቆሟል። ተቃዋሚዎቹ ሁለት ነገር ያነሱ ነበር፤ አይሁድ አይቀበሉትም፣ ደግሞም ከጥፋት ውሃ በፊት የነበረ ሰው ጽሑፍ እንዴት ሊደርሰን ይችላል? አውግስጢኖስ ዘመኑ ከመራቁ የተነሣ ማመን ይቸግራል ብሏል። ቀስ በቀስ በግሪኩም በላቲኑም ዓለም መገልበጡ ቆመ። የማይገለበጥ መጽሐፍ ደግሞ ይጠፋል።

ግዕዙ ግን አልተቋረጠም። ዛሬ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፣ ኩፋሌም እንዲሁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ሊቃውንቱ ጠፋ ያሉትን መጽሐፍ አገኙ። ቁምራን ላይ የአረማይክ ቁራጮቹ ሲገኙ ደግሞ የመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል ከክርስትና በፊት የነበረ መሆኑ ታወቀ። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ግን እዚያ አልተገኘም።

በአገራችንም ቢሆን ያለ ክርክር አላለፈም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሄኖክን የማይቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ስም የሚታወቁት ድርሳናት አጥብቀው ይሟገቱለታል። ይህን መጽሐፍ ለዓለም ያቆዩት በየገዳሙ ተቀምጠው ብራና የገለበጡ፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ጸሐፍት ናቸው። ሊመሰገኑ ይገባል።

በአጭር መልእክት የደረሰ፦ «የገዛሁት 81 ይላል። ዲድስቅልያ ግን ውስጡ የለም።»

81ዱ ከአንድ በላይ አቆጣጠር አለው። በአንደኛው ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ነው። 35ቱ የሚሞሉት 27ቱ ላይ 4 የሲኖዶስ ክፍሎች፣ 2 መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ ሲጨመሩ ነው። እነዚህ ስምንቱ የሥርዓትና የትምህርት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ይታተማሉ። ለእኔ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ኦሪቱን ለብቻ፣ ወንጌሉን ለብቻ፣ ዳዊቱን ለብቻ ነበር የሚይዙት። ሁሉን በአንድ ጥራዝ የማግኘት ልማድ ያመጣው የማተሚያ መኪና ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ቤተ እስራኤሎችስ የማንን ዝርዝር ተከተሉ?»

በረቢዎቹ ክርክር ውስጥ አላለፉም። የረቢዎቹ የሕግና የክርክር ስብስብ የሆነው ታልሙድም አልነበራቸውም። መጻሕፍታቸው በግዕዝ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ኦሪት። ኩፋሌንም ያከብሩት ነበር። አይሁዳዊ ሆኖ የግዕዝ መጽሐፍ የሚያነብ ማኅበረሰብ መኖሩ ራሱ፣ የቀኖና ታሪክ በአንድ መስመር እንዳልሄደ ማስረጃ ነው።

ከሐይቅ ዳር የደወሉ እናት፦ «ልጄ አግብታ ወደ ባሏ ቤተ እምነት ሄደች። ቤት ስትመጣ አብረን ማንበብ እንፈልጋለን። መጽሐፋችን አይገጥምም ብዬ ፈራሁ።»

አይፍሩ፣ እናቴ። እሷ የያዘችው 66ቱም እርስዎ ጋር አሉ። አራቱ ወንጌላት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ መልእክቶቹና ራእዩ አንድ ናቸው። የሚያስቸግራችሁ ዳዊት ላይ ብቻ ነው። የግዕዙ ዳዊት የግሪኩን አቆጣጠር ስለሚከተል 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ወዲያ እስከ 146 ድረስ የእርስዎ ቁጥር ከእሷ በአንድ ያንሳል፣ 114 እና 115 አካባቢ ብቻ ትንሽ ይዘበራረቃል። ስለዚህ እሷ 23 ስትል እርስዎ 22ን ይግለጡ። 50ን ከፈለጉ ደግሞ 51ን እንድትገልጥ ይንገሯት። ከ148 ጀምሮ ቁጥሩ ይገጥማል። 151ኛዋን ግን እርስዎ ጋር ስለሆነች፣ ያን ዕለት ከእርስዎ መጽሐፍ አንብቡ።