ስልኩ ሲበራ የሚመጣው ብርቱካናማ ጽሑፍ ምንድነው?

ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ በጋቢዬ እንዳትስቁ። ባለፈው አክስቴ ከመሐል ሜዳ መጥታ ዩዝድ ስልክ ገዛች፣ ሻጩ "ሎኩ የተከፈተ ነው" ሲላት በሁሉም ሲም ይሰራል ማለት ነው ብላ ደስ ብሏት ገባች፣ ማታ አጥፍታ ስታበራው ግን ብርቱካናማ ምልክት ያለበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ድቅን አለባት። "አንተ፣ ይሄ ደግሞ ምን እያለ ነው?" አለችኝ። ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን ፈትሾ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሎኩ ተከፍቷል፣ ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ማረጋገጥ አልችልም ነው የሚለው። በየትኛው ሲም እንደሚሰራ የሚወስነው የሲም ሎክና ምን ሶፍትዌር እንደሚነሳ የሚወስነው የቡትሎደር ሎክ ለየቅል ናቸው፣ የቱን ማለቱ እንደነበር እንግዲህ ሻጩ ያውቃል።

(ስክሪን ላይ፦ ስልክ ሲበራ)

እዩት፣ መጀመሪያ የሚነቃው አንድሮይድ አይደለም። ቺፑ ላይ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈች ትንሽ ኮድ አለች፣ ቡት ሮም ትባላለች፣ ሰሪውም ራሱ መልሶ አይቀይራትም። እሷ የቡትሎደሩን ዲጂታል ፊርማ ቺፑ ላይ ከተቀመጠው ቁልፍ ጋር ታመሳክራለች፣ ልክ ከሆነ ታሳልፈዋለች፣ ቡትሎደሩ ደግሞ በተራው ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ ይፈትሻል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የዋስ ነገር ነው፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፣ ቡት ሮም ብቻ ዋስ የላትም፣ የምትታመነው ስለማትቀየር ነው። ይሄ መዘዝም አለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ ቼክሜት የተባለው ቀዳዳ ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን ኤክስ ባሉት ቡት ሮም ላይ ሲገኝ በአፕዴት መድፈን አልተቻለም፣ ደግነቱ ስልኩን በእጅ ይዞ በኬብል መሰካት ይፈልጋል።

ሲስተሙስ? ስንት ጊጋ ሙሉ ሲበራ ይፈተሽ ቢባል ቡናው ተፈልቶ ሶስተኛው ይደርሳል። ስለዚህ አንድሮይድ 4 ኪሎባይት 4 ኪሎባይት አድርጎ ይቆርሰውና የእያንዳንዱን ሀሽ (ከይዘቱ የሚሰላ፣ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር) ይይዛል፣ ቁራሹ ሊነበብ ሲል ብቻ ያመሳክራል፣ አንዲት ፊደል ከተነካች አይገጥምም፣ አያነብም።

ብርቱካናማው ይሄ ሁሉ ፍተሻ ላላ ማለት ነው እንጂ የግድ ቫይረስ አለ ማለት አይደለም፣ ሩት ለማድረግ፣ ማለትም ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ በእጁ ለማስገባት ብሎ የሚከፍት ሞልቷል። ቀይ ከሆነ ግን ሲስተሙ ተበላሽቷል ወይ ተነካክቷል። እኔ ብሆን ብሩን ሳልቆጥር በፊት ሻጩ ፊት አጥፍቼ አበራው ነበር።

ለአክስቴ ኦርጅናሉን ሶፍትዌር ጭነን መልሰን ቆለፍነው፣ ቅደም ተከተሉን አደራ፣ ኦርጅናሉን ሳትጭኑ ከቆለፋችሁ ስልኩ ዴድ ሊሆን ይችላል። ሲቆለፍ ዳታው ሁሉ ይጠፋል፣ እሷ ገና አንድ ቀኗ ስለነበር የጠፋባት የቲክቶክ መግቢያዋ ብቻ ነው፣ በሱም ቢሆን እስካሁን ትወቅሰኛለች።