የሳንቲም ዕጣና የአሜሪካ ፉትቦል ተጨማሪ ሰዓት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሚኒያፖሊስ የደወሉ እናት፦ «ልጄ የቫይኪንግስ ደጋፊ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ተጨማሪ ሰዓት ሲነሳ ይቆጣል። እኔ የማውቀው የእኛን እግር ኳስ ነው፤ ይህ ሁሉ ክርክር ከምን መጣ?»

ከሚያውቁት ልነሳ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። በዚያ 30 ደቂቃ ግብፆችም ኳሱን መንጠቅና ወደ ፊት መሮጥ ይችሉ ነበር። በአሜሪካ ፉትቦል ግን አጥቂዎችና ተከላካዮች የተለያዩ ተጫዋቾች ናቸው። አንዱ ቡድን ኳሱን ሲይዝ የሌላው ኳርተርባክ (ጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ከሜዳው ዳር ቆሞ ይመለከታል። ስለዚህ መጀመሪያ ኳሱን ማን ይያዝ የሚለው ትልቅ ነገር ነው፤ የሚወሰነው ደግሞ በሳንቲም ዕጣ ነው።

ድሮ ደንቡ ቀድሞ ነጥብ ያስቆጠረ ያሸንፋል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ቫይኪንግስ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል ለማለፍ ከኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ጋር 28 እኩል ወጡ። ሴይንትስ ዕጣው ወጣላቸው፤ ከ40 ያርድ ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር በምሰሶዎቹ መካከል በማሳለፍ የሚገኝ 3 ነጥብ) መትተው 31 ለ 28 አሸነፉ። የቫይኪንግሱ ኳርተርባክ ብሬት ፋቭር በተጨማሪው ሰዓት ኳሱን አልነካም። ልጅዎ የሚቆጣው በዚህ ከሆነ፣ እውነት አለው። ከሁለት ወር በኋላ የክለብ ባለቤቶቹ ለጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ደንቡን አሻሻሉ፦ መጀመሪያ የያዘው ቡድን ፊልድ ጎል ብቻ ካስቆጠረ ሌላው መልስ የመስጠት ዕድል ያገኛል፤ ተችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው የሚከላከለው የሜዳ ጫፍ ውስጥ በማድረስ የሚገኝ 6 ነጥብ) ካስቆጠረ ግን ጨዋታው ያበቃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አድማጭ፦ «ተከላካዮችም ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚሁ ነው። ተችዳውን ማስቆም ያልቻለ ቡድን ለምን ያማርራል?»

ይህ የደንቡን ለውጥ ከሚቃወሙት ሰዎች መከራከሪያ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ፈተናው ለአንዱ ቡድን ተከላካዮች ብቻ ሲሰጥ የሌላው ተከላካዮች ሳይፈተኑ ያልፋሉ። ደካማ ይሁኑ ጠንካራ ማንም አያውቅም።

እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስና ቡፋሎ ቢልስ የተጫወቱትን ያስታውሱ። በመደበኛው ሰዓት የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ 25 ነጥብ ተቆጥሯል። ቺፍስ በቀረቻቸው 13 ሰከንድ አቻ አደረጉ፤ ዕጣው ወጣላቸው፤ ተችዳውን አስቆጥረው 42 ለ 36 አሸነፉ። በዚያ ምሽት ማንም ሊያስቆመው ያልቻለው የቡፋሎው ኳርተርባክ ጆሽ አለን ተራ ሳይደርሰው ወደ ቤቱ ሄደ። ደንቡ በ2010 ከተሻሻለ ወዲህ እስከዚያ ቀን በጥሎ ማለፍ 11 ጨዋታዎች ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደው፣ በ10ሩ ያሸነፈው ዕጣው የወጣለት ቡድን ነበር። የሚገርመው ደግሞ በ2019 በኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ በዚሁ መንገድ ተሸንፈው ደንቡ ይለወጥ ብለው ሐሳብ ያቀረቡት እነዚሁ ቺፍስ መሆናቸው ነው። ያኔ ሰሚ አላገኙም። ከቡፋሎ ጨዋታ በኋላ ግን ባለቤቶቹ 29 ለ 3 በሆነ ድምፅ በጥሎ ማለፍ ሁለቱም ቡድኖች ኳሱን እንዲይዙ ወሰኑ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ «አሁንስ ሁለተኛው ቡድን አይጠቀምም?»

ይጠቀማል፤ እኔ አሰልጣኝ ብሆን ሁለተኛ መያዝን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ላስ ቬጋስ በተካሄደው ሱፐር ቦውል ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ዕጣው ወጥቶላቸው መጀመሪያ መያዝን መረጡ፤ ያስቆጠሩት ፊልድ ጎል ነው። ቺፍስ ምን እንደሚያስፈልጋቸው አውቀው ገቡ። አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛውን ሳይሞክር ኳሱን በእግሩ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ አርቆ ይለጋል። ቺፍስ ግን ካላስቆጠሩ እንደሚሸነፉ ስለሚያውቁ አራተኛውን ያለ ማመንታት ሞከሩ፤ ኳርተርባካቸው ፓትሪክ ማሆምስ ራሱ ሮጦ አሳካው። በመጨረሻም በተችዳውን 25 ለ 22 አሸነፉ።

የሳን ፍራንሲስኮው አሰልጣኝ ካይል ሻናሃን ሁለቱም እኩል ቢያስቆጥሩ ሦስተኛው ተራ የእኛ ይሆናል ብሎ ነበር ያሰላው። ከዚያ በኋላ ቀድሞ ያስቆጠረ ስለሚያሸንፍ ስሌቱ ከንቱ አይደለም። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው፦ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ አዲሱን ደንብ አናውቅም ነበር ማለታቸው።

ከአዲስ አበባ፦ «በመደበኛው የውድድር ዘመን አቻ መውጣት አለ?»

አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ሁለቱም ቡድኖች ኳሱን ይያዙ የሚለው ደንብ ለመደበኛው ውድድርም ጸደቀ። ፊላደልፊያ ኢግልስ ሐሳቡን ሲያቀርቡ ተጨማሪው ሰዓት 15 ደቂቃ ይሁን ብለው ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን በ2017 ለተጫዋቾች ጤና ሲባል የተወሰነውን 10 ደቂቃ አልነኩም። በዚያው ዓመት መስከረም ዳላስ ካውቦይስና ግሪን ቤይ ፓከርስ 40 ለ 40 ተለያዩ። ሁለተኛ የያዙት ፓከርስ ሰዓቱ ስላለቀባቸው በመጨረሻው ቅጽበት በፊልድ ጎል አቻ ከማድረግ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

ለተጫዋቾቹ አካል ስለማስብ 15 ደቂቃ አልጠይቅም። ነገር ግን መጀመሪያ የያዘው ቡድን ደቂቃውን ቀስ ብሎ ከበላ፣ ለሁለተኛው የተሰጠው ዕድል ስሙ ብቻ ይቀራል። ሰዓቱ ቢያልቅም ሁለተኛው ቡድን የጀመረውን ተራ እንዲጨርስ መፍቀድ ይገባል።