በቀን አንድ አህያ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ሻከር ካለባችሁ ይቅርታ፣ ጢስ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጢስ ውስጥ ውዬ ነው የመጣሁት።

የት? ትምህርት ቤት። አክስቴ ዘንድ።

አክስቴ ስላችሁ አሮጊት እንዳትመስላችሁ። በስድስት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ አብረን ነው ያደግነው። እኔ ደሴ ገባሁ፣ እሷ እዚያው ቀረች። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ምሳ ከሚያበስሉት ሴቶች አንዷ ናት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ በኋላ ጣጣው የሚተርፈው ለእሷ ነው።

በደብዳቤ ላይ ስማቸው "መጋቢ እናቶች" ነው። ሥራው ደግሞ "የተማሪዎች ምገባ"። እኔ ይቺ ምገባ የምትባል ቃል አልዋጥልኝ ብላለች። እናት ታበላለች እንጂ መቼ ትመግባለች? ልጆቹማ ቃሉን ከነመኖሩም አያውቁት። ጠዋት ከዳገቱ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ ማብሰያው ጣሪያ ነው። ጢስ ካለ ምሳ አለ። ጢስ ከሌለ አንዳንዱ ከዚያው ይመለሳል።

የሚመለሰው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ቤቱ አይደለም። ደላንታ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ አለ፤ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስሙ ባሕር ማዶ ተሻግሯል። ድንጋዩ የሚወጣው ከገደል ነው። በእጅ በተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተገብቶ። እና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ገደሉን ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት እያየ ምን ያስባል? እናንተው ገምቱት።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልምጣ። ርዕሰ መምህሩ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ቁጥሩን እንዳለ አልናገርም፣ ክብ ላድርገው። 500 ተማሪ አለ እንበል። ለአንድ ልጅ በቀን 100 ግራም እህል ብቻ ብትሰጡ 50 ኪሎ ነው። ግማሽ ኩንታል። ለዚያ አቀበት የአንድ አህያ ጭነት ማለት ነው። በየቀኑ አንድ አህያ እህል ጭና ትምህርት ቤት ትገባለች። በወር ሃያ የትምህርት ቀን ብንል 10 ኩንታል። ይሄ እህሉ ብቻ ነው። ዘይት አልገባም፣ ጨው አልገባም፣ ሽሮው አልገባም።

አህያዋን ያመጣኋት ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። አይሱዙው የሚደርሰው መንገዱ እስካለበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ጉልበትና የአህያ ጀርባ ነው። በጀቱ ላይ "ማጓጓዣ" የምትል አንዲት መስመር አለች። አይሱዙው እህሉን ያራገፈበት ቦታ ላይ ታልቃለች። ከማራገፊያው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ማን ይክፈል? ወላጅ። እህሉ ጥሬ ሆኖ ከመጣ ወፍጮ ቤት መሄድ አለበት። የማስፈጫውን ማን ይክፈል? ወላጅ። መቼም "ነጻ ምሳ" እንላለን።

ደግሞ ጊዜው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ትምህርት መስከረም ይከፈታል። በጀት ተለቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ አሸናፊው ታውቆ፣ ውል ታስሮ፣ እህል እስኪጫን ኅዳር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጢስ የለም። የሚብሰው ደግሞ ያ ጊዜ ነው፤ አዲሱ እህል አልደረሰም፣ የጎተራው አልቋል፣ ገበያው ተወዷል። ነጋዴው በአንድ ዋጋ ይጫረታል፣ ማቅረቢያው ሲደርስ ገበያው ከእጁ አምልጦ ይጠብቀዋል። ከዚያማ ስልኩ አይነሳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆጨኛል። የእኛ አገር በልግ ይዘራል። በልጉ ከቀና ገብሱ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ በጀቱ በሚከፈትበት ሰሞን እዚያው ጎረቤት ገበሬ ቤት አዲስ ገብስ አለ! በልግ አይታመንም፣ አውቃለሁ፤ ስንቴ ጉድ ሠርቶናል። በቀናበት ዓመት ግን ለምን ሌላ አገር ሄደን እንገዛለን? ብራዚል በፈረንጆቹ 2009 ሕግ አውጥታ፣ የፌዴራል መንግሥቱ ለተማሪ ምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች መግዣ እንዲሆን አስገድዳለች። ይሄን ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። ሳቀ። "ገበሬው ደረሰኝ ከየት ያመጣል?" አለኝ። አፌን አዘጋኝ። ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ሰብስብ የሚባል ሰው አህያዋን ከምትነዳ እናት ገብስ መግዛት አይችልም።

አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው በጀት ታበላለች፤ አስተዳደሩ ከ800 ሺህ በላይ ተማሪ ይመገባል ይላል። ደስ ይላል። ግን እዚያ መኪና በር ድረስ ይመጣል።

ወደ ጢሱ ልመለስ። አክስቴ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች። ውሃው ከምንጭ ነው፣ በጄሪካን። ጎላው ትልቅ ነው፤ ለሠርግ የሚጣደውን ዓይነት አስቡ። ሠርግ ግን አንድ ቀን ነው። እሷ በየቀኑ ትሠርጋለች። ንፍሮ ሲሆን ይቀላል ትላለች፣ ቂንጬ ሲሆን ካላማሰልሽው ሥሩ ያርራል። ማማሰያው እንጨት ከእኔ ቁመት አይተናነስም። ልሞክር ብዬ አራት ጊዜ አዙሬ ተውኩት። ሴቶቹ ሳቁብኝ። "የደሴ ሰው!"

ክፍያቸውን ጠየቅኳት። "አልፎ አልፎ ይሰጡናል" አለች። አልፎ አልፎ! ስትለው እንኳ አልተማረረችም። "አብሽሪ፣ ልጆቼም እዚሁ ይበላሉ" አለችኝ። ይሄ መልስ ደስ ያሰኛል፣ ግን ደመወዝ አይደለም። ልጇ መብላቱ ለእሷ ክፍያ ሆኖ ከተቆጠረ፣ የሌሎቹን ልጆች ምሳ በነጻ እያበሰለች ነው ማለት ነው።

እንጨቱ ደግሞ የልጆቹ ነው። ጠዋት በአንድ እጅ ደብተር፣ በሌላው ፍልጥ። እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ነበርን። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ተማሪ ማብላት የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ገደማ ነው። እኛ ጋ ቆይቶ ሲደርስ ፋፋ፣ ያ የእርዳታ ዱቄት ገንፎ፣ ነበር የሚሰጠን፣ በቆርቆሮ ኩባያ። እንጨት ያላመጣ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። አንድ ቀን እንጨት አጥቼ የጎረቤት አጥር ነቅዬ ሄጃለሁ። ጎረቤታችን ይቺን ከሰሙ፣ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።

እናቴ ያን ሰልፍ አትወደውም ነበር። ሰባ ሰባትን ያየ ሰው፣ ልጁ ዕቃ ይዞ ሲሰለፍ ማየት አይችልም። እሷ ያን ዘመን በስሙ አትጠራውም፤ "ክፉ ቀን" ብላ ታልፈዋለች። ኩባያዬን አጥባ ስትሰጠኝ ፊቷ ይጠቁር ነበር። ዛሬ ስለ አክስቴ ጎላ ስነግራት "እርዳታ ነው?" አለችኝ። አይደለም እማ፣ የመንግሥት በጀት ነው፣ ግብር ከምትከፍሉት ነው አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ "እንዲያ ከሆነ ለምን ይቆራረጣል?" አለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኩታበር የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ። እሷ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ክፍል ነው። ሥጋ ቢኖር ማን ባረከው፣ ማን ቢስሚላህ አለበት ይመጣል፤ ሠርጋችን ላይ እንኳ ለየብቻ ነው የሚታረደው። ንፍሮና ሽሮ ግን ይሄ ጣጣ የለባቸውም። ድህነቱ ራሱ ገላገለን ትላለች። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ጎላው ምን ሊሆን ነው ብላ ተጨነቀች። ምንም አልሆነም፣ ትናንሾቹ አይጾሙም። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን "እኔ ጾመኛ ነኝ" ብሎ ከሰልፍ ወጣ። እረፍት ላይ ከማብሰያው ኋላ ቂንጬ ሲበላ አገኘችው። "ጾምህስ?" ስትለው፣ "እስከ አራት ሰዓት ነው የያዝኩት" አላት።

ትናንት ስሰናበት አክስቴ ጎላውን ዘቅዝቃ እየፈገፈገች ነበር። ሁለት ልጆች ከሥሩ ያረረውን ይቀራመታሉ። ብር ላስጨብጣት ሞከርኩ፣ እጄን መለሰችው።

"ብሩን ተይው" አለችኝ። "ስትመጪ እንጨት ይዘሽ ነይ።"