ቦርሳዬ ውስጥ የቀረችው ሙዝ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን፣ ስለዚ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ። ስለ ሙዝ ነው የማወራችሁ። አዎ ሙዝ፣ ልጣችሁ የምትበሉት ሙዝ። አትሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከተወሰኑ አመታት በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጀልባ ተከራይተን አሳ ልናጠምድ ባሕር ወጣን፣ ቻርተር የሚሉት፣ ጀልባውም ዘንጉም መንጠቆውም የካፒቴኑ ሆኖ እናንተ የምትበሉትን ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱበት። የስንቁ ነገር ለኔ ተሰጠ። እኔ ደግሞ ባሕር ላይ ሆድ ይገለባበጣል፣ ቀለል ያለ ነገር ይሻላል ብዬ ዳቦ፣ ውሃ፣ ብስኩት፣ ከዛ ደሞ አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ገዛሁ። ገና ሳይነጋ ወደቡ ላይ ደረስን፣ እኔ የሙዙን ፌስታል አንጠልጥዬ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፣ ኮራ ብዬ።

ካፒቴኑ ጢሙ የነጣ፣ ብዙ የማያወራ ሰውዬ ነው። ቡናውን ይዞ ቆሞ ሰላም ሊለን ሲል አይኑ ፌስታሉ ላይ አረፈና ሰላምታው እዛው አፉ ላይ ቀረ። "እሱ ምንድነው?" አለኝ። ሙዝ ነዋ አልኩት። "እሱ ጀልባዬ ላይ አይወጣም።" ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ ዞር ስል ግን የምስቀው እኔ ብቻ ነኝ። ረዳቱ ልጅ መጣና ፌስታሉን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ይዞ ሄዶ ወደቡ ላይ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው፣ ተመልሶ ደግሞ እጁን በባሕር ውሃ ታጠበ። እጁን ታጠበ እኮ ነው የምላችሁ!

በዚህ ያበቃ መስሏችኋል? አንዷ ጓደኛችን የጸሐይ ክሬም አውጥታ ልትቀባ ስትል ልጁ ብልቃጡን አየው፣ ባናና ቦት የሚባለው ብራንድ ነው፣ ስሙ ላይ ሙዝም ጀልባም ያለበት። ልጁ ምንም ሳይናገር ጥቁር ፕላስተር አምጥቶ ስሙ ላይ ለጠፈበትና መለሰላት። በቃ ከዛ ጉዞ ጀመርን።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በአደባባይ የማወራው። ጠዋት ከቤት ስወጣ መንገድ ላይ እበላታለሁ ብዬ ከዘለላው አንዷን ገንጥዬ ቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ ከትቻት ነበር፣ ረስቻታለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሄድን፣ አራት ክር ወደ ኋላ ተጥሏል፣ አንድም የነካው የለም። ካፒቴኑ በየመሃሉ ዞር እያለ ያየኛል፣ ሌላውን ሰው አይደለም፣ እኔን። "ሌላ የለም አይደል?" አለኝ። የለም አልኩ፣ ከልቤ። ከዛ ነፋሱ በረታና ሹራብ ላውጣ ብዬ እጄን ስከት ለስለስ ያለ ነገር ነካሁ።

ላብ አሰመጠኝ። ባሕር ውስጥ እንዳልጥላት ሙዝ ይንሳፈፋል፣ ቢጫ ነገር ሰማያዊ ውሃ ላይ የማይታየው ማን ነው? እንዳልበላት ትሸታለች። ዚፑን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ቦርሳው ላይ ተቀመጥኩበት፣ በቃ ተቀመጥኩበት። እና እዛ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይሁን ከዛ በላይ፣ አንዱ ዘንግ ጎበጠ፣ ክሩ ዝዝዝዝ እያለ ይተረተር ጀመር፣ ሁሉም ጮኸ። ማሂ ማሂ ነው፣ ውሃ ውስጥ አረንጓዴና ወርቃማ የሚያበራው፣ ጀልባ ላይ ሲወጣ ግን ቀለሙ አይናችሁ ስር የሚደበዝዘው አሳ። ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ ባጠቃላይ ዘጠኝ ያዝን። ካፒቴኑ ፊቱ በራ፣ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "አየህ?" አለኝ። "ሙዙን ባንጥለው ኖሮ..."

አየሁ አልኩት። ሙዟ ላይ ተቀምጬ።

ቤት ገብቼ ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ማንበብ ጀመርኩ። ይሄ እምነት የአንድ ሰውዬ እብደት አይደለም፣ ሃዋይ ብትሉ ፍሎሪዳ ብትሉ የቻርተር ካፒቴኖች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው፣ ሙዝ ገደ ቢስ ነው፣ አለቀ። ምክንያቱን ስትጠይቁ ግን ሁሉም የየራሱን ይነግራችኋል። በጣም የሚወራው የሸረሪቷ ነው፣ ዘለላው ውስጥ መርዘኛ ሸረሪትና እባብ ተደብቆ መርከብ ላይ ይወጣና ሰው ይነድፋል የሚለው። ሸረሪት በሙዝ ጭነት መምጣቱ እውነት ነው፣ ግን እሱ የጭነት መርከብ ጣጣ ነው እንጂ እኔ የያዝኩት ስቲከር የተለጠፈበት የሱፐርማርኬት ሙዝ ነው። ሌላው ጋዙ ነው፣ ሙዝ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ቀለም የሌለው ጋዝ ያወጣል፣ አጠገቡ ያለውን ፍራፍሬም ቶሎ ያበስላል፣ ጥሬ አቮካዶ ከሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልላችሁ የምታውቁ ከሆነ ስራውን የሰራው እሱ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን የመርከቡን ስንቅ ሲያበላሽ ታየኝ፣ ይሄ ያስኬዳል። ልጣጩ አንሸራቶ ይጥላል የሚለውን ግን እንለፈው፣ እሱ የካርቱን ነው።

ደግሞ እምነቱ ከ1700ዎቹ የካሪቢያን ንግድ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፣ በየቦታው ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ እኔ ግን አይዋጥልኝም። ሙዝ በገፍ መርከብ ላይ መጫን የጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው። በፈረንጆቹ 1870 ሎሬንዞ ዳው ቤከር የሚባል፣ አሜሪካ ውስጥ ካለችው ኬፕ ኮድ የመጣ ካፒቴን ቴሌግራፍ በምትባል ባለ ሸራ መርከቡ ከጃማይካ 160 ዘለላ ሙዝ ጭኖ በ11 ቀን ጀርሲ ሲቲ ገባ፣ እዛም አዋጣው፣ ነገሩ ንግድ መሆን የጀመረው ከዛ ወዲህ ነው። በ1885 ቦስተን ፍሩት፣ በ1899 ደግሞ ዩናይትድ ፍሩት የሚባሉት የሙዝ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፣ ከዛ ነጭ የተቀቡ ማቀዝቀዣ ያላቸው መርከቦች መጡ። አስቡት፣ የቤከር መርከብ ላይ ማቀዝቀዣ የለም፣ ሙዙ በየቀኑ ይበስላል፣ ንፋስ አንድ ሳምንት ቢጠፋ ኪሳራ ነው፣ ስለዚ ያለህን ሸራ ሁሉ ዘርግተህ መሮጥ ነው። የሚሮጥ መርከብ ላይ ደግሞ ከኋላ ክር ጥለህ አሳ መያዝ ይከብዳል። ሙዝ ባለበት አሳ የለም የሚለው ከዚህ መጣ ይላሉ። ከሁሉም ይሄኛው ይሻለኛል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ማብራሪያ እምነቱ ከተወለደ በኋላ ልኩ ተወስዶ የተሰፋለት ልብስ ነው የሚመስለኝ።

ምክንያቱም ምግቡ እንደየባሕሩ ይለያያል። ስኮትላንድ የአሳ አጥማጅ መንደሮች ሂዱ፣ ሙዝ ሳይሆን አሳማ ነው። ስጋውን ጀልባ ላይ መውሰድ ቀርቶ ስሙን መጥራት አይቻልም ነበር፣ ባለ ጥምዝ ጭራው ምናምን እያሉ በቅጽል ነው የሚጠሩት፣ አንዱ አምልጦት ስሙን ከጠራ የሰማው ሁሉ "ቀዝቃዛ ብረት!" እያለ ያገኘውን ብረት ሮጦ ይነካል። ሳልመን አሳንም ስሙን ሳይሆን ቀዩ አሳ ነው የሚሉት። ለምን አሳማ ስትሉ አንዳንዱ ወንጌል ይጠቅሳል፣ ታስታውሱ እንደሆነ ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ሁለት ሺህ የሚያህሉ እሪያዎች ከገደል ተንደርድረው ባሕር ገብተው የሰጠሙት። እኔ እንኳን ባሕር ላይ የሚውል ሰው ሆኜ ያንን ብሰማ አሳማ ደስ አይለኝም።

የእንግሊዝ ጠረፍ ላይ ደግሞ የተቆረሰ ዳቦ መገልበጥ ክልክል ነው፣ ዳቦው ሲገለበጥ ጀልባውም ይገለበጣል። ኮርንዎል ውስጥ ሰርዲን የሚበላው ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ ነው፣ ከጭንቅላቱ ከጀመርክ ባሕር ውስጥ ያሉት ፊታቸውን ከዳርቻው ያዞራሉ። የእንቁላል ቅርፊት ተሰባብሮ ካልተጣለ ጠንቋዮች እንደ ጀልባ ተሳፍረውበት መርከብ ያሰጥማሉ የሚል አለ፣ ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው፣ በቅርፊት የምትቀዝፍ ጠንቋይ።

እዚህ ጋ ስቄ ልተወው ነበር። ከዛ አይማውዝ ስለምትባል የስኮትላንድ የአሳ አጥማጅ ከተማ አነበብኩ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 1881፣ አርብ ቀን። አየሩ ክፉ ሆኖ ጀልባዎቹ ቀናት ወደብ ላይ ታስረው ከርመዋል፣ ገንዘብ የለም፣ በዛን ቀን ጠዋት ግን ሰማዩ ጥርት አለ ባሕሩም ጸጥ አለ። ወደቡ ላይ ያለው ባሮሜትር፣ የአየር ግፊት መለኪያው ማለት ነው፣ ወርዶ ነበር፣ አደጋ አለ እያለ ነው። ወጡ። እኩለ ቀን ላይ ማዕበሉ መጣ። ያን ቀን በዛ ጠረፍ 189 አሳ አጥማጆች ሞቱ፣ ከነሱ 129ኙ የአይማውዝ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ወደቡ አፍ ላይ ደርሰው ነው ሚስትና ልጅ ቆሞ እያየ የተሰበሩት።

እንግዲህ ከዚህ ከተማ የሚወለድ ሰው አሳማ ቢፈራ ማን ይስቃል? ባሕሩን አያዝበትም፣ ነፋሱን አያዝበትም፣ ድሃ ስለሆነ ዛሬ አልወጣም ማለት እንኳን አይችልም። የሚያዝበት ነገር ቢኖር የስንቅ ከረጢቱ ነው። ምን እንደሚገባበት ምን እንደማይገባበት። እኔ ታዲያ ፌስታሌን አንጠልጥዬ መጥቼ የሳቅኩት እሱ ላይ ነው።

ማሊኖቭስኪ የሚባለው አንትሮፖሎጂስት በአንደኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ፣ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ያሉት ማለት ነው፣ ከሰዎቹ ጋር ሲኖር ያየው ነገር ይሄንኑ ነው። ደሴቶቹ መሃል ባለው የተኛ ውሃ ላይ ሲያጠምዱ፣ አሳው እርግጠኛ አደጋውም የለ፣ አስማት ምናምን የለም፣ ስራ ብቻ። ክፍት ባሕር ሲወጡ ግን፣ አሳው ይምጣ አይምጣ አይታወቅም ሰውም ላይመለስ ይችላል፣ ስርዓቱ ድግምቱ ይደረደራል። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው ውሃው ነው።

ከዛ ደሞ ርግቦቹ አሉላችሁ። ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ በ1948 ስምንት የተራቡ ርግቦች ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ምንም ቢያደርጉ ባያደርጉ በየተወሰነ ሰከንዱ እህል እንዲመጣላቸው አደረገ። ስድስቱ የየራሳቸውን አመል አወጡ፣ አንዷ ወደ ግራ ትሽከረከራለች፣ ሌላዋ ጭንቅላቷን የሳጥኑ ጥግ ላይ ትወረውራለች፣ እህሉ ሲመጣ የምታደርገው የነበረውን ነው የያዘችው። ይሄን ሳነብ ካፒቴኑ ትዝ አለኝ፣ አይዋሽም እኮ፣ ሙዝ ጣለ፣ ዘጠኝ አሳ ያዘ። እሱ ካየው ነገር ውስጥ ውሸት የለበትም። የጎደለችው አንዷ መረጃ እኔ ስር ነበረች።

እና እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው። ሰውዬው ይሄን ታሪክ ዛሬም ለተከራዮቹ እንደሚያወራ እርግጠኛ ነኝ፣ አንድ ቀን አንዱ ሙዝ ይዞ መጥቶ አስጥዬው ዘጠኝ ማሂ ማሂ ያዝን እያለ፣ የሰማው ደግሞ ለሌላው ያወራል፣ እኔ በዝምታዬ ለእምነቱ ምስክር ሆኜለታለሁ ማለት ነው። ወርጄ ልነግረው ነበር፣ ምዬ ነው የምላችሁ፣ አፌ ላይ ደርሷል። ግን አሳውን እያጸዳልን ነው፣ ቢላውን በጨርቅ እየጠረገ ያፏጫል፣ ደስ ብሎታል። ተውኩት። ባዶ እጃችንን ተመልሰን ቢሆንስ እነግረው ነበር ወይ? ኧረ በጭራሽ።

ማታ ቦርሳውን ስከፍት ጠቁራ፣ ተጨፍልቃ፣ ሹራቤ ላይ ተለጥፋ አገኘኋት፣ ሽታው ሦስት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀ።

ከዛ በኋላ ሁለቴ ባሕር ወጥቻለሁ፣ በሌላ ጀልባ፣ ሌላ ካፒቴን፣ ስለ ሙዝ አንድም ቃል ያልተናገረ ሰው። ባለፈው ጊዜ ልሳፈር ስል ቆም አልኩና የቦርሳዬን የጎን ኪስ ከፍቼ ፈተሽኩ፣ ዘጋሁት፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ተመልሼ ደግሜ ፈተሽኩ። ጓደኛዬ "ምን ጠፋብህ?" አለኝ።

ቻርጀር፣ አልኩት።