ለሀጭ የሚቀንስ መድኃኒት አፍን ብቻ አያደርቅም

[ምስል፦ ጅማ፣ ጠዋት። ዝናብ ያባራበት ግቢ። ገመድ ላይ የተሰጡ ትናንሽ ጨርቆች።]

እነዚህን ጨርቆች ቁጠሩልኝ። 11 ናቸው። ሁሉም የአንድ ልጅ፣ ሁሉም የአንድ ቀን።

ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፤ የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። ጅማ ክረምት ሲገባ ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም። እርጥቡ ደረቱ ላይ ሲውል አገጩ ሥር ያለው ቆዳ ይላጣል፣ ይቀላል። አያቱ እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥተው «ልጄ፣ ለሀጭ የሚያቆም ኪኒን አለ አሉ፤ እስቲ ስጪኝ» አሉኝ።

ኪኒኑ አለ። ግን ከመደርደሪያ አንስቼ ዝም ብዬ የምሰጠው አይደለም።

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ሳናስበው ስለምንውጠው አናየውም። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ፣ ስትሮክ የመታው ሰው ወይም ፓርኪንሰን የያዛቸው አዛውንት ለሀጫቸው የሚፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ምራቁ በዝቶ ሳይሆን መዋጡ አስቸግሯቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አቀማመጡ ይታይ፦ ጀርባው ቀና ብሏል? አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል? የተቦረቦረ ጥርስ፣ የታፈነ አፍንጫ አለ? እነዚህ ሲስተካከሉ ብቻ የሚቀንስለት ልጅ አለ። አንዳንዴ ደግሞ መንስኤው ሌላ መድኃኒት ነው፤ ክሎዛፒን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠዋት ትራሳቸው ርሶ ያገኙታል። ለእነሱ መልሱ መጀመሪያ ያዘዘላቸውን ሐኪም ማነጋገር ነው።

[ምስል፦ የሰው አካል ሥዕል። ከአንጎል የወጡ መስመሮች ወደ ምራቅ እጢ፣ ዓይን፣ ልብ፣ አንጀት፣ ፊኛ፣ ላብ እጢ።]

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ነርቭ የምራቅ እጢን «ሥራ» ብሎ የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። አንቲኮሊነርጂክ የምንላቸው መድኃኒቶች፣ እነ አትሮፒን፣ ግላይኮፒሮሌት፣ አርቴን፣ ይህ ትእዛዝ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ይይዙታል። እጢው ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ምራቁ ይቀንሳል። ችግሩ ያው አሴቲልኮሊን አንጀትንም፣ ፊኛንም፣ የላብ እጢንም ማዘዙ ነው። መድኃኒቱ አፍን ከሌላው ለይቶ አያውቅም።

አስተናግርን ታውቁታላችሁ? አጠፋሪስ የሚሉትም አሉ፤ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ ፍሬው እሾሃም የሆነው። በውስጡ ያለው አትሮፒንና ስኮፖላሚን ነው። የበላው ሰው ዓይኑ ይፈጣል፣ አፉ ይደርቃል፣ ይቀባዥራል፣ የሌለ ነገር ያያል። የኪኒኑ መጠን ሲያልፍ የሚሆነውም ይኸው ነው። እባካችሁ አስተናግርን ለለሀጭም ሆነ ለጥርስ ሕመም ብላችሁ አትሞክሩት፤ አንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ከሌላው እኩል አይደለም።

ሐኪሙ ልጁን መዝኖ ከኪኒኑ ሩብ አዘዘለት። አያቱን ቁጭ አድርጌ ያሳየኋቸውን ለእናንተም ላሳያችሁ።

[ምስል፦ በቅርበት፣ የአያት እጅ የልጅ ብብት ሥር ሲገባ።]

«እማማ፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ወይም ትኩሳት ከያዘው እጅዎን እዚህ ያስገቡ።» ብብቱ የሚያቃጥልና ደረቅ ከሆነ፣ ፊቱም ከቀላ፣ ላቡ ተዘግቷል ማለት ነው። ሰውነቱ ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ጥላ ሥር ያስገቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት፣ የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሽንቱንም ይከታተሉ፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ካልሸና፣ ሆዱም ከተነፋ፣ ነገ አይበሉ። ሰገራው ከደረቀ ገና ሳይጠና ይንገሩን።

አትሮፒን የዓይን ጠብታ ከምላስ ሥር እንዲደረግ የሚታዘዝላቸው አሉ። አንድ በመቶው ጠብታ ትንሽ ይመስላል። አንዷ ጠብታ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ አትሮፒን ይዛለች። ጠርሙሱ ጠበቅ ተደርጎ ተጨምቆ አምስት ቢወርድ ሁለት ሚሊግራም ተኩል ነው፤ ለትንሽ ልጅ አደጋ ነው። ስለዚህ አፉ ውስጥ በቀጥታ አታንጠባጥቡ፤ ማንኪያ ላይ ቆጥራችሁ ስጡ። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ፤ ጣታችሁ ዓይናችሁን ከነካ ብሌኑ ሰፍቶ ለቀናት ብዥ ሊልባችሁ ይችላል።

ለትልልቆቹ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። የፕሮስቴት ችግር ያለበት፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት፣ ልቡ በፍጥነት የሚመታበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይጀምር። ለጉንፋን የሚወሰደው ክሎርፊኒራሚን፣ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፤ ሲደራረቡ ሰላም ያደሩ አዛውንት ሲነጋ ልጃቸውን ላያውቁ ይችላሉ። እዚህ ጅማ ጫትን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጫት ራሱ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፣ ሽንት ያስቸግራል፣ ሆድ ያደርቃል። የምትቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አትፈሩ፣ መጠኑን ሲወስን ይህንንም ያያል።

አፉ ጨርሶ እስኪደርቅም አትጠብቁ። ምራቅ ጥርስን ይጠብቃል፣ ምግብን ያንሸራትታል። ከመጠን በላይ ሲደርቅ አክታው ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ሳሉ ደካማ የሆነ ሰው ሊያወጣው ስለማይችል ደረቱን ይዘጋበታል። ጥርሱን በቀን ሁለቴ ቦርሹለት።

ደግሞ ይሄን ስሙኝ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው በድንገት ለሀጩ ቢዝረበረብ፣ ቢያልበው፣ ቢያስመልሰው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ቢጠብ፣ ማላታይን ወይም ሌላ ፀረ ተባይ ነክቶት ይሆናል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ኪኒን አትስጡት። ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በባጃጅም ቢሆን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሩጡ። እዚያም የሚሰጠው አትሮፒን ነው፤ ግን በደም ሥር፣ በየደቂቃው እየታየ።

[ምስል፦ የተማሪ ደብተር፣ በእስክሪብቶ የተሠመሩ ሦስት ዓምዶች።]

አያቱ በወሩ ተመለሱ። ፊደል ስላልቆጠሩ የጎረቤት ልጅ ደብተር አሥምራላቸዋለች፦ ጨርቅ፣ ሽንት፣ ሰገራ። እሳቸው በየቀኑ ጭረት ይጭራሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከጨርቅ ሥር አምስት ጭረት፣ ከሽንት ሥር አምስት፣ ከሰገራ ሥር ደግሞ ለሁለት ቀን ባዶ ነበር። ባዶውን በጣቴ ሳሳያቸው «እሱን ነው ልነግርሽ የመጣሁት» አሉኝ።